ተራ በተራ

ከዲምቱ በስተምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ ቢላቴ ወንዝ እያዘቀዘቀ በሚወርድበት ቆላ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸውና ከሴት አያታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ታላቁ ዘጠኝ፣ ታናሹ ሰባት ዓመቱ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው ያሳደጓቸው አያት ናቸው።

አያት በየምሽቱ፣ እራት ተበልቶ ከብቶቹ ከቤቱ ባንድ ወገን ሲያመሰኩ፣ ልጆቹን እሳት ዳር አስቀምጠው የአባቶቻቸውን ስም ያስቆጥሯቸዋል። ስሞቹ አሥራ አራት ናቸው። አንዱን ታላቁ ይላል፣ ቀጥሎ ያለውን ታናሹ፣ ሦስተኛውን እንደገና ታላቁ፤ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው ይወጣሉ። አንዱ የሌላውን ተራ ከነጠቀ ቆጠራው ከሥር ይጀመራል። ታናሹ አንድ ቀን፣ «እኔ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ለምን ብቻዬን አልቆጥርም?» ብሎ ቢጠይቅ አያት፣ «ብቻህን ከቆጠርክማ ወንድምህን ምን ያደርግልሃል?» አሉት።

ቆጠራው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በወላይታ ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባም፤ ስለዚህ ከየትኛው ጎሳ እንደ ተወለደ የማያውቅ ልጅ አድጎ እጮኛ ሲፈልግ ይቸገራል። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብም፣ መሬት ሲካፈልም፣ ሲቀበርም የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው።

ጊዜው 1950ዎቹ ነበር። አባትየው የማያነበው ወረቀት ላይ ጣቱን አስነክቶ ከማሳው ሲሶውን የተነጠቀ ሰው ነው። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወግቶ ንጉሥ ጦናን ከማረከ ወዲህ የግብሩም፣ የዳኝነቱም፣ የመሬቱም ወረቀት የሚጻፈው በአማርኛ ነበር፤ ባለ መሬቱ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። አባትየው እንግዲህ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ልጆቼ ወረቀት ያነብባሉ አለ። ትምህርት ቤቱ የሙሉ ቀን መንገድ ስለሚርቅ እዚያው አዳሪ ሆነው እንዲማሩ ሁለቱንም በእጁ ይዞ ወሰዳቸው።

ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በሌላ አገር እንዲህ አልነበረም። በካናዳ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባው መንግሥት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ ልጁን አልልክም ያለ ወላጅ ይቀጣ ነበር፣ ፖሊስም ልጅ ይወስድ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በቆዩት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ከ150,000 በላይ ልጆች አልፈዋል፤ ሳይመለሱ እዚያው የተቀበሩት በሺህ ይቆጠራሉ። የኛዎቹን ሁለት ልጆች ግን የወሰደ ፖሊስ የለም። የወሰዳቸው የሚወዳቸው አባታቸው ነው፤ የፈለገውም ፍትሕ ነው። ለዚህ ነው የደረሰባቸውን ነገር ለመናገር እንኳ ስድሳ ዓመት የፈጀባቸው። አባትህ ተስፋ አድርጎ ያስገባህን ቤት እንዴት ብለህ ትከሳለህ?

በገቡበት ቀን ጸሐፊው ስማቸውን ጠየቀና ሰምቶ ሲያበቃ ሌላ ስም ጻፈላቸው። ጠጉራቸው ተላጨ። አያታቸው ለዚያ ቀን ብለው ያለበሷቸው ዱንጉዛ፣ ቀዩም ቢጫውም ጥቁሩም ገና ያልደበዘዘው፣ ከላያቸው ወልቆ ካኪ ተሰጣቸው። ዱንጉዛዎቹ ወዴት እንደ ሄዱ አልታወቀም። ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የካናዳ ነባር ሕዝብ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በስድስት ዓመቷ፣ አያቷ የገዙላትን አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሳ ትምህርት ቤት ስትገባ በመጀመሪያው ቀን ተገፍፋ ዳግመኛ አላየችውም። ዛሬ በካናዳ መስከረም 20 ቀን ብዙ ሰው ብርቱካናማ ለብሶ የሚወጣው ከዚያች ሸሚዝ ተነሥቶ ነው። የሁለቱን ወንድማማቾች ዱንጉዛ ግን ያስታወሰው ማንም አልነበረም።

ከሁሉም የከፋው አጥንቱ ነው።

አጥንቱ ከበሬ ቅልጥም ተቆርጦ የተበሳ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ነገር ነው፤ በቀዳዳው ሲባጎ ገብቶበታል። ጠዋት አለቃው ለአንድ ልጅ ይሰጠዋል። ያ ልጅ በወላይትኛ ሲናገር የሰማውን ሌላ ልጅ ካገኘ አጥንቱን አውልቆ አንገቱ ላይ ያስርለታል። የታሰረለትም በተራው ሌላ ይፈልጋል። ማታ ሰልፍ ላይ አጥንቱ አንገቱ ላይ የተገኘው ልጅ ይገረፋል። ከብዙ አንገት ላብ የተነሣ አጥንቱ ወዝቶ ያብለጨልጭ ነበር፤ የጠላ ጋን የመሰለ ሽታም ነበረው።

ልጆቹ ለማስተላለፍ የማይፈጥሩት ዘዴ አልነበረም። አንዱ ጓደኛውን ከኋላው መጥቶ በተረከዙ ጣቱን ይረግጠዋል፤ ሰው ድንገት ሲያመው በተማረው ቋንቋ አይጮህም፣ በእናቱ ቋንቋ ይጮሃል። አንዱ እንቆቅልሽ ይጀምርና መልሱ ከሌላው አፍ እስኪያመልጥ ይጠብቃል። ከቤት መልእክት መጥቷል ብሎ የሚዋሽም ነበር፤ የቤት ወሬ ሲነሣ ማንም ምላሱን መግታት አይችልም። ስለዚህ ልጆቹ ማልቀስን፣ መጫወትን፣ ስለ ቤት መጠየቅን አንድ በአንድ ተዉ። መምህራኑ ከሰዓት በኋላ ተኝተው ሊውሉ ይችሉ ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ይጠባበቁላቸዋል።

ይህ የወላይታ ብቻ ወይም የአማርኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በኬንያ ልጆች በኪኩዩ እንዳይናገሩ በዚህ ዓይነት የልብስ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ እንደ ነበር ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። ማታ ቁልፉ የተገኘበት ልጅ ከማን እንደተቀበለ ይናገራል፣ ያም ከማን እንደተቀበለ ይናገራል፤ የዕለቱ «ጥፋተኛ» ሁሉ እንዲያ ይለቀማል። ከዚያም በፊት በዌልስ የእንጨት ቁራጭ ነበረ። እኛ ዘንድ በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ በመላ አገሪቱ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ይደነግግ ነበር፤ በልጆች አንገት አጥንት እሰሩ ግን አላለም። ያን የሚጨምረው ሰው ነው። ሕግ በር ሲከፍትለት ከሕጉ በላይ የሚጨክን ሰው ሁልጊዜ ይገኛል። አማርኛ ራሱ ምንም አላጠፋም፤ እኔም ይህን የምጽፈው በእሱ ነው፣ እወደዋለሁም። ጥፋቱ የልጅን አንደበት በልጅ እጅ ማነቁ ነው።

ታላቁ አማርኛን ፈጥኖ ያዘ። ታናሹ ግን አልቻለም፤ እንዲያውም ዝም ማለት ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ታናሹን ወባ ያዘው። ያን ቀን አጥንቱ ከምሳ ጀምሮ በታላቁ አንገት ላይ ነበር። ማስተላለፍ አቅቶት መሸ፤ በዝናቡ ምክንያት ሰልፉ ወደ ማግስቱ ጠዋት ተላለፈ። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ታናሹ በትኩሳት እየቃዠ ወንድሙን ቀሰቀሰውና ውኃ አጠጣኝ አለው። ያለው በወላይትኛ ነው።

ታላቁ ተነሣ። አጥንቱን ከአንገቱ አወለቀ። በታናሹ አንገት አሰረውና ተመልሶ ተኛ።

ጠዋት ታናሹ ተገረፈ። ከማን እንደተቀበለ ሲጠይቁት አልተናገረም። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ከግቢው ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ጠፋ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። አባቱ ተቆጣ፣ አያቱ ግን ያለ አንድ ቃል ተቀበሉት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወንድማማቾች ሐዘን ቤትም ሰርግ ቤትም ተገናኝተዋል፤ አልተነጋገሩም። አያት ሲሞቱ ቆጠራው በዚያው ቆመ።

ታላቁ ተምሮ መምህር ሆነ። ደመወዙን እየቆጠበ ለአባቱ ቤት ቆርቆሮ አለበሰ፤ አባቱ ተነጥቆት ስለነበረው መሬት በገዛ እጁ አቤቱታ ጻፈ። እነዚህን ነገሮች ትምህርት ቤቱ ነው የሰጠው፤ አልሰጠውም ማለት ውሸት ነው። ከዚህ ጋር ግን ሌላም ሰጥቶታል። በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቱ ወደ ሥጋ ቤት ሄዶ የቅልጥም አጥንት ጠየቀ። ማንም አላዘዘውም። ክፍልን ጸጥ የሚያሰኝ ሌላ ዘዴ አይቶ ስለማያውቅ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው የተካሄደው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ታላቁ ትናንት አጥንት ያስርበት በነበረው ቋንቋ እንዲያስተምር ታዘዘና ከዲምቱ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ተመደበ። በመጀመሪያው ምሽት፣ ፋኖሱ በርቶ ከአርባ የሚበልጡ ገበሬዎችና ባልቴቶች ፊት ቆመና የእንሰት ሥዕል አሳይቶ ሊያስረዳ ጀመረ። አንዲት ባልቴት ሥዕሉ ላይ የሚፋቀውን ክፍል አሳይተው ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁት። ስሙን አላወቀውም። የተቀበረውን ጠየቁት፣ እሱንም አላወቀውም። የጨመቁትን፣ ቃጫውን፣ ጉድጓዱ የሚለብስበትን ቅጠል ጠየቁት። ሁሉንም በአማርኛ ብቻ ነበር የሚያውቃቸው፤ አንዳንዱን በአማርኛም አያውቀውም። ባልቴቷ አላሾፉበትም። «ልጄ፣ ከማን ቤት ነው ያደግኸው?» ብለው በሐዘኔታ ጠየቁት።

ታናሹ በዚያው ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነበር። ማንበብ ፈልጓል፤ ወንድሙ ያስተምርበት የነበረውን ዳስ መግባት ግን አልፈለገም። ስለዚህ ውጭ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ከውስጥ የሚሰማውን ፊደል አፈር ላይ በጣቱ ይጽፍ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ማንበብ ቻለ። ታላቁ ከዳሱ ወጥቶ ሲያልፍ አፈሩ ላይ የቀረውን ፊደል ያየዋል፤ የማን ጣት እንደ ሆነም ያውቃል። ዘመቻው እስኪያበቃ አንድም ቀን ሳይረግጠው ዞሮ ነው ያለፈው።

አጥንቱን የጣለው ያን ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ያልፋል። መንግሥት ተለወጠ፣ ወላይትኛ ወደ ላቲን ፊደል ተዛወረ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ታላቁ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ልጅ ፊደል ቆጠረ። ቀስ በቀስ የጠፉበትን ስሞችም ከተማሪዎቹ እናቶች እየጠየቀ ይመዘግብ ጀመር።

በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ የሚባለው መጽሐፍ መጣ። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ባንድ ቋንቋ ለማስተማር ታስቦ አራቱ ተደባልቀው በቢሮ የተዘጋጀ ነው። የአራቱ ሕዝብ ቋንቋ እርግጥ በጣም ይቀራረባል፤ ገበያ ላይ ይግባባሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ግን በየትኛውም ቤት የሚናገረው እናት አልነበረም። ታላቁ መጽሐፉን ገልጦ ሁለት ገጽ እንዳነበበ አንገቱን በእጁ ያዘ። ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ አስበው ነው ብሎ አላመነም፤ ወጪ ለመቀነስ፣ ሕዝብ ለማቀራረብ ብለው ሊሆን ይችላል። ግን ልጅን እንደገና እቤትህ የምትናገረው ልክ አይደለም ሊሉት ነው። መጽሐፉን አላድልም አለ። ያኔ በሶዶ ከተማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ተማሪና መምህር ታሰረ፣ ሰው ሞተ። ታላቁ ከብዙ መምህራን ጋር ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ወላይታም በቀጣዩ ዓመት ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ሰዎች ለታላቁ ጀግና ብለው ያጨበጭቡለት ነበር። እሱ ግን ጭብጨባውን አልወደደውም። ቋንቋው አደባባይ ላይ ተከብሯል፤ ከገዛ ወንድሙ ጋር ግን አሁንም በዚያ ቋንቋ አንድ ቃል አይለዋወጥም። የማከብራቸው ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ ብዬ አስባለሁ። በዓሉ ከደመቀ፣ ዱንጉዛው ከተለበሰ፣ መጽሐፉ ከታተመ ቁስሉ የዳነ ይመስላቸዋል። በካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሳም ተከፈለ፤ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑ ግን ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጅቶ ከ6,000 በላይ ሰው ማዳመጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች ውስጥ ስለ ቋንቋ የሚናገሩት ተለይተው ተቀምጠዋል። ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር የሚነጋገርበት አፍ ከሌለው ምን ይጠቅመዋል?

ታላቁ ጡረታ ወጥቶ ወደ ዲምቱ ተመለሰ። ጊፋታ እየቀረበ ነበር። ለዚህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ቤቱ ሁሉ ከወራት በፊት ይዘጋጃል፤ ሴቶቹ በቅቤ ዕቁባቸው ይቆጥባሉ፣ ወንዶቹ ለቅርጫው በሬ ያዋጣሉ። ያለበት ዕዳውን ይከፍላል፤ የተጣላ ደግሞ ይታረቃል፣ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነውና። ሽማግሌዎች የሁለቱን ነገር ከስድሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠረጥሩ ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ሁለቱንም ጠሩ። ከሐዋሳ ለበዓል የመጣችው የታላቁ የልጅ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ወላይትኛ አትሰማም።

ታላቁ ተነሥቶ ያደረገውን ተናገረ። አጥንቱን፣ ዝናቡን፣ ትኩሳቱን፣ ውኃውን፣ ሲባጎውን የቋጠረበትን እጁን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። «ልጅ ነበርኩ» አላለም፤ «ፈርቼ ነው» ብቻ አለ። ከዚያም በኋላ መምህር ሆኖ በሌሎች ልጆች አንገት እንዳሰረ ጨመረ፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ካሳ ምን እንዲሆን ሽማግሌዎች ታናሹን ጠየቁት። በሬ ይሁን ያለም ነበረ።

ታናሹ ብዙ ቆየ። «በሬ አልፈልግም። ያን ሌሊት የጠየቅሁት ውኃ ነው» አለ።

ታላቁ ራሱ ወደ ጓዳ ገብቶ በቅል ውኃ ቀድቶ አመጣ። ታናሹ ጠጣና ቅሉን አጠገቡ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ተራህ ነው» አለው።

ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። ታላቁ ግን ገብቶታል። የመጀመሪያውን ስም ጠራ። ታናሹ ሁለተኛውን ጠራ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ እያሉ ወጡ፤ የሁለቱም ድምፅ እየጠነከረ ሄደ። ታናሹ አሥረኛውን ጠርቶ ዝም አለ። አሥራ አንደኛው የታላቁ ነው። ታላቁ አፉን ከፈተ፤ ስሙ የለም። ግንባሩን ያዘ፣ መሬት መሬት አየ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ አሁንም የለም።

«አንተ ታውቀዋለህ?» አሉት ሽማግሌዎቹ ታናሹን።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ንገረውና ይለቅ።»

«አልነግረውም። ቂም ይዤ አይደለም፤ ቂሙን አሁን ከውኃው ጋር ጠጥቼዋለሁ። ከነገርኩት ግን ስሙ የእኔ ሆኖ ይቀራል። የራሱን ሄዶ ያምጣ። ቢላቴ ማዶ አክስታችን በሕይወት አሉ።»

አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ጨከነ ብለው አጉረመረሙ። እኔ ጭካኔ አይመስለኝም። ለተጎዳ ሰው ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ቢሰጠው የዳነ ይመስላል፤ የተነጠቀውን ፈልጎ ሲያገኝ ግን እግሩም አፉም አብረው ይነሣሉ። ታናሹ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ዋርካ ሥር አፈር ላይ ተምሮታል።

አክስትዬዋ ሲዳማ አግብተው ወንዙን የተሻገሩት ገና በወጣትነታቸው ነው። ታላቁ በማግስቱ የልጅ ልጁን አስከትሎ ተነሣ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ታናሹ ዱላውን ይዞ ቆሞ ጠበቃቸው፤ «መሻገሪያው ተለውጧል፣ ትሳሳታላችሁ» ብሎ ፊት ፊት ሄደ።

አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል። እንግዳ መምጣቱን ሲሰሙ የማን ልጅ እንደ ሆኑ ጠየቁ። ሁለቱ ወንድማማቾች ቆመው ተራ በተራ እስከ አሥረኛው ቆጠሩና ዝም አሉ። አሮጊቷ ጠበቁ። «እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያስተማረቻችሁ?» ብለው አሥራ አንደኛውን ጠሩላቸው፤ ጨምረውም ሁለቱንም፣ ይህን ያህል ዘመን ሳይጠይቋቸው በመቅረታቸው ወረዱባቸው። ታላቁ ስሙን እየደጋገመ አለቀሰ። ልጅቷ ደብተር አውጥታ ልትጽፈው ስትል አሮጊቷ እጇን ያዙ፤ መጀመሪያ በአፏ እንድትለው ነበር የፈለጉት። ተሳሳተች። እንደገና ተሳሳተች። አሮጊቷ ከንፈሯን በጣታቸው እየነኩ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ አሳዩዋት። ልክ ስትለው ጊዜ ታናሹ አሥራ ሁለተኛውን ስም አልጠራም፤ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራትና እሷ እንድትጠራው ተወላት።

ጊፋታ ሲመጣ የሁለቱ ቤተሰብ ባንድ ቅርጫ ገባ። ዳታ የሚባለው ማባያ አቃጥሏት የልጅቷ እንባ ሲወርድ ሳቁባት።

ታላቁ አሁን የሚኖረው ዲምቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የከተማውን ልጆች ሰብስቦ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን ብቻውን አይደለም። እንሰት መፋቅ፣ ቅቤ መናጥ፣ ስም ማስቆጠር የሚያውቁ ባልቴቶችን ከየገጠሩ ያስመጣል፤ የእሱ ድርሻ እነሱ የሚሉትን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ልጆቹ አማርኛውንም ይማራሉ፣ እንግሊዝኛውንም ይማራሉ፤ ሲሳሳቱ የሚጮህባቸው የለም። ለባልቴቶቹ የመንገድ አበል እንኳ እንዲታሰብላቸው ለሚመለከተው ቢሮ ማመልከቻ አስገብቷል። ማመልከቻው የተጻፈው በወላይትኛ ሲሆን በሁለት ሰው ስም ተፈርሟል። መልሱ ገና አልመጣም፤ ታናሹ በየሰኞው እየሄደ ይጠይቃል፣ ሲመጣ አንብቦ ለሴቶቹ የሚነግራቸውም እሱ ነው።